የቦምቤዋ ዝገታም መኪና፦ ትገዛ ወይስ ትቅር?

ዛሬ ሶዶ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ኮምፒውተር ሰክቶ የሚመረምር ወጣት ይዞ ነው የሚሄደው። ባለፈው ሰሞን ልጄ መኪና ልትገዛ ስትል እኔም አብሬ ሄድኩ። ገመድ ሰኩ፣ ስክሪን አዩ፣ ወረቀት ታተመ፣ አለቀ። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ያየ ሰው የለም። አላስችል ቢለኝ ኮቴን አውልቄ በጀርባዬ መሬት ላይ ተኛሁ።

«አባባ፣ ጡረታ ወጥተሃል እኮ!» አለችኝ ልጄ፣ ሰው እያያት አፍራ።

ወጥቻለሁ፤ አልዋሸችም። ግን ከመኪና ሥር መተኛትን የተማርኩት በሰው ስብራት ስለሆነ እስክሞት አልተወውም። የሥራ ዘመኔን ንገረን የሚሉኝ የልጅ ልጆቼ ስንት ሞተር እንደፈታሁ ነው የሚጠይቁኝ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማስታውሰው አንድ ሸሚዝና አንዲት ዝገታም መኪና ነው።

ሥራ የገባሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ሶዶ ዳር በነበረ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ ነው። የቅጥር ወረቀቴ ላይ «አጣቢ» ነበር የሚለው። በናፍጣ የሞተር ዕቃ አጥባለሁ፣ ደመወዝ ሲመጣ እፈርማለሁ፣ ሲዘገይም ዝም እላለሁ። አማርኛዬ ያኔ ገና ነበር። ቤታችን ወላይትኛ ብቻ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ መኪናውን ሁሉ «እሱ»፣ ሴቷን ሁሉ «አንተ» እያልኩ ጋራዡን አስቅ ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ኪዳኔ ይባላል። የአስመራ ሰው ነው፤ እጁን የፈታው ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኪሱ ለውዝ የማይታጣበት ሰው ነበር። ሰዎች መኪና ሊገዙ ሲሉ «ጋሽ ኪዳኔ ይይልን» ይሉ ነበር፤ በዙሪያው ካሉት ከተሞች፣ ከአረካም ከተበላም ይመጣሉ። እሱ መኪናው ፊት ሲደርስ ሞተር አያስነሳም፣ ኮፋኖም አይከፍትም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ለውዙን እየቆረጠመ ሦስት ጊዜ ይዞረዋል። መጀመሪያ የገረመኝ መኪናውን ትቶ ሻጩን ማየቱ ነው።

«ማርቆስ፣ ሰውየው የት እንደሚቆም አየህ?» አለኝ አንድ ቀን በሹክሹክታ።

«ጎማው ጋ።»

«ስንዞር አብሮን ዞረ?»

«አይ፤ እዚያው ቆሟል።»

«እንግዲያው ውኃ አምጣልኝ በለውና ሲሄድ እዚያ ቦታ ተኛ።»

ተኛሁ። ጎማው ጋ ያለው፣ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዕቃ ሰጠኝ፤ አንድ ወስፌና ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለህ ቀለሙ ላይ ታስኬደዋለህ። ላሜራ ካለ ይይዝሃል፤ ዝገቱ በስቱኮ ተደፍኖ ከሆነ ከእጅህ ላይ ይወድቃል። ወስፌው ለሻንሲው ነው። ሻንሲ ማለት የመኪናው አጥንት ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጤነኛውን ብረት በወስፌ ስትወጋው ቅጭ ይላል፣ እጅህን ይመልስሃል። የበሰበሰው ድምፅ የለውም፤ ወስፌውን ዝም ብሎ ይቀበለዋል። የእኛ አገር ደግሞ የዳሞታ ተራራ ጉምና ዝናብ ስላለ ብረት አያረጅም፤ ይበሰብሳል።

ጋሽ ኪዳኔ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ሲሄድ ወስፌውን ለእኔ ተወልኝ። ከተማው «የኪዳኔ ልጅ» እያለ ይጠራኝ ጀመር፤ እኔም የማላውቀው ነገር ያለ አልመስል አለኝ።

ጋሽ ሸምሱ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው የስልጤ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አቡጀዲ በጀርባቸው ተሸክመው በእግር ሶዶ የገቡ፣ ቃላቸውን የሚመጥኑ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ግን የምትናገረውም የምትስቀውም ከሱቁ አልፎ ገበያው መሀል ይሰማል። ሁለቱ ተያይዘው ነበር የሚነግዱት፤ እሁድ አንድ ገበያ፣ ማክሰኞ ሌላ ገበያ፣ ጨርቁን በጋሪ ጭነው ይዞራሉ፤ እሳቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ጥቅሉ ላይ። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ ሰማያዊ ፒክአፕ ሊገዙ ሲሉ «እይልኝ» አሉኝ።

ቀኑ ዘንቦ ያባራበት ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን የዛሬዋ ባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ ልታይ ስለነበር አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሄዳል። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ካምቢዮውን አየሁ። ቀለሙ አዲስ ነው፤ አዲስ ቀለም ራሱ ጥርጣሬ መሆኑን አውቃለሁ። ሥሩን ማየት ቀረኝ። መሬቱ ጭቃ ነው። ሸሚዜን አየሁ፣ ጭቃውን አየሁ።

«ይግዙት» አልኳቸው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ተበላ ሲወርዱ ሻንሲው ከጋቢናው ኋላ ለሁለት ተቆረጠ። ጋሽ ሸምሱ መሪ ይዘው ነበር፤ ምንም አልሆኑም። እትዬ ዘይነባ ግን እንደ ሁልጊዜው ከኋላ፣ ከጨርቁ ጥቅል ላይ ነበረች የተቀመጠችው። ከነጥቅሉ ተወረወረች፤ ግራ እጇ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ።

«ከሥሩ አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«ለምን?»

ውሸት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «ሸሚዜ እንዳይቆሽሽ» አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ናት ከአልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ እኔ ያዞረችው። «አሁንስ፣ ነጭ ነው?» አለችኝ።

ያንን ቃል ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ሰው መኪና አላይም አልኩ። ተበላ አጠገብ በነበረ እርሻ ትራክተር ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩና ሶዶን ለቀቅኩ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ሥራው ግን ጠቀመኝ። መበየድን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ላሜራ ቀጥቅጦ መልክ ማስያዝንም። የተሰበረ ነገር ሁሉ ሊጠገን እንደሚችል እጄ ሲያውቅ እኔም ቀስ በቀስ ቀና አልኩ። አግብቼ፣ አንድ ልጅ ወልጄ ወደ ሶዶ ተመለስኩና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ትንሽ ጋራዥ ከፈትን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ሳለሁ ከጎኔ በደንብ የተጠረገ ጥቁር ጫማ ቆመ። ወጥቼ ሳይ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። እትዬ ዘይነባ ከተጎዳችበት ቀን ወዲህ ሰላምታ እንጂ ሌላ አልተነጋገርንም ነበር።

«የምታይልኝ መኪና አለ» አሉኝ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ከእኔ ሌላ መካኒክ ጠፋ?»

የለበስኩትን ቱታ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ዘይትና አፈር ብቻ ነው። «ሸሚዙ የቆሸሸ መካኒክ ነው የምፈልገው» አሉኝ፤ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

መኪናዋ ያለችው ከአረካ ወዲያ፣ ቦምቤ ከሚባል መንደር ነው። አንድ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ በበጋ እየነዳ አምጥቷት፣ ክረምቱ መንገዱን ሲዘጋው ግራዝማች ሳና ለሚባሉ ባላባት ትቷት አገሩ ገባ። ክፍት፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና። ግራዝማች መንዳት አይችሉም፤ መጠለያ ሥር ቆማ ዓመታት አልፈዋታል። ዋጋዋ እጅግ ርካሽ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከአንዲት ደህና በቅሎ አይበልጥም።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። «ጨርቅ አትጭንም።»

ጋሽ ሸምሱ ዙሪያቸውን አዩ፤ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስላሉ። «ጥቅል ተሸክሜ ከስልጤ ስመጣ እንዲህ ያለች መኪና አለፈችኝ። ነጂው ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም አለኝና ሄደ። ተቀይሜው አልነበረም፤ ደስ ነው ያለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የገዛሁት ሌላ ሰው የሚለብሰውን ነው፣ ማርቆስ። አንድ ነገር ለራሴ አማረኝ።»

ሰኞ ልንሄድ ተቀጣጠርን። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ያች የእስላም ሴት በእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ስትቆም ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

«ባሌ አብዷል» አለችኝ። «ቆርቆሮ ሊገዛ ነው። ልጆቻችን እየሳቁብን ነው። አንተ በስብሳለች ካልከው ይተዋል፤ በሌላ አይተውም።»

«እትዬ፣ ገና አላየኋትም እኮ።»

«ሳታይ ጥሩ ነው ማለት የምትችል ሰው፣ ሳታይ መጥፎ ነው ማለት ያቅትሃል?» አለችና ነጠላዋን ስታስተካክል ግራ እጇ ከነጠላው ሥር ወጣ። ክርኗ አጠገብ ትንሽ እንደጎበጠ ቀርቷል። አልሸሸገችውም።

ዝም ማለቴን እሺ እንዳልኳት ቆጠረችው መሰለኝ፣ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ የዚያን ቀን ምሳዬን እንኳ በቅጡ አልበላሁም። ለዚያች ሴት ዕዳ አለብኝ። የጠየቀችኝ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «በስብሳለች»። እሱን ብል ማንም አይጎዳም።

እስከ አረካ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ጋሽ ሸምሱ በበቅሎ እኔ በእግሬ ሆነን ቦምቤ ደረስን። ግራዝማች ሳና ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ በወላይትኛ ተቀብለውን መጠለያው ጋ ወሰዱን። መኪናዋ ቀይ ነበረች ይባላል፤ አሁን ግን የአፈርና የዶሮ ኩስ ቀለም ይዛለች። በነጂው ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ተኝታለች። ስንጠጋ በቁጣ ክንፏን ነፋችብን።

«እሷ ናት እስካሁን ስትነዳት የነበረችው» አሉ ግራዝማች፤ መንደሩ በሙሉ ሳቀ።

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ግራዝማች የግራውን በር ተደግፈው ቆመዋል። ስንዞር አልዞሩም። ውኃ እንዲያስመጡልኝ ለመንኳቸው፤ ልጅ ላኩና እዚያው ቆሙ። «እንግዲያው ቤቱን ያሳዩኝ» አልኩ። ይህን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ሄዱ። እኔ ከኋላቸው ቀርቼ በሩን ስከፍተው በእጄ ላይ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው የበሩ ደፍ ሙሉ በሙሉ በስብሷል። ወለሉን ረገጥ ባደርገው እግሬ መሬት ነካ። ማግኔቱ ከጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ሁለት ቦታ ወደቀ። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዷን ነገር ሲያዩ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያኔ ደስ አለኝ። መዋሸት አላስፈለገኝም ብዬ።

ከዚያ ከሥሯ ተኛሁ። ለመተኛት ዶሮዎቹ የቆፈሩት አመድ ውስጥ መግባት ነበረብኝ፤ ገባሁ። ወስፌውን አውጥቼ ሻንሲውን ወጋሁት። ቅጭ። አንድ ስንዝር አልፌ ደገምኩ። ቅጭ። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከቀኝ እስከ ግራ ስንዝር በስንዝር ወጋሁት፤ አንድም ቦታ አልገባም። ነገሩ የገባኝ እጄን ሳየው ነው። የሞተሩ ዘይት ለዓመታት ሲያንጠባጥብ ኖሮ፣ ስትነዳም ነፋሱ ወደ ኋላ ሲረጨው፣ ሻንሲውን ጥቁር ወፍራም ዘይት አልብሶታል። ሁሉም ሰው እንደ በሽታ የሚያየው ማንጠባጠብ አጥንቷን ከዝገት አድኗታል። አመድ ላይ ተኝቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ዘይት ጨመርኩና እስኪርስ ምሳ ተጋበዝን፤ ቦዬ የሚባል ሥራ ሥር ከዳጣና ከቅቤ ጋር። ጋሽ ሸምሱ አልበላ አላቸው። ስንመለስ ሞተሩ በእጅ የሚዞርበትን ማኖቬላ ይዤ ቀስ ብዬ ገፋሁት። እምቢ አለ። እንደገና ገፋሁት። ፍስስስ ብሎ ተነፈሰና ዞረ።

«ሎኦ!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ። ደህና ነው ማለቱ ነው።

«ምን አየህ?» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ።

«ሶዶ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።»

«ለምን እዚህ አትነግረኝም?»

«እትዬ ዘይነባ ባለችበት ነው የምናገረው።»

በቅሎዋን ኮርኩረው እስከ አረካ ከፊቴ ሄዱ።

ሱቁ ስንደርስ እትዬ ዘይነባ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር። ደንበኛዋን አቆይታ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መጥፎውን አስቀደምኩ። ወለል የላትም አልኩ። የግራ በሯ ይወድቃል፣ የበሩ ደፍ በስብሷል፣ ፓራፋንጎው ስቱኮ ነው፣ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ከወንበሩ ውስጥ የሚበዛው የዶሮ ላባ ነው። እትዬ ዘይነባ እያንዳንዱን ስትሰማ ፈገግታዋ ይሰፋል።

«ግን» አልኩ፣ «ሻንሲዋ ጤነኛ ነው። ስንዝር በስንዝር አይቼዋለሁ። ሞተሯም ዞሯል፤ ይነሳል። ዓመት የሚፈጅ ሥራ አላት፤ ሥራው ግን እኔ የምችለው ነው። የምትጠገን መኪና ናት።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ማርቆስ!» አለችኝ።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ያላየሁትን አየሁ ብዬ እጅሽን ሰብሬያለሁ። አሁን ያየሁትን አላየሁም ብዬ በሌላ ልበድልሽ?»

ጋሽ ሸምሱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሚስታቸውን አዩ። ምን ተነጋግረን እንደነበር ያኔ ነው የገባቸው። ደንበኛዋ ሴትዮ እንኳ ጨርቋን ረስታ አፏን ከፍታ ቆመች። እትዬ ዘይነባ ሜትሩን ጨርቁ ላይ መልሳ ዘረጋችው።

«ስንት ጥቅል ትጭናለች?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንድም። ከኋላ ቦታ የላትም። ዘንቢል ብታስገቢ ነው።»

«ሰውስ?»

«ሁለት። ነጂውና አንድ ሰው።»

«አንዱ ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከነጂው አጠገብ ነዋ። ወንበር ላይ።»

«አጠገቡ» አለች። ጨርቁን ለካች፣ በመቀስ ቆረጠችው፣ አጣጥፋ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ሃያ ዓመት ከኋላህ ጥቅል ላይ ተቀምጬ የኮትህን ጀርባ አይቻለሁ፣ ሸምሱ። ጥቅል የማይገባበት መኪና ከሆነ ግዛው።»

ጋሽ ሸምሱ ጠረጴዛውን ዞረው ሄደው ያንን የጎበጠ እጇን ያዙት። እኔ የሱቁን ጣራ ማየት ያዝኩ።

መኪናዋን ከቦምቤ እስከ አረካ የጎተቷት አራት በሬዎች ናቸው። ግራዝማች ስድስት እንቁላል በቅርጫት አድርገው «ከመኪናዋ ጋር ናቸው» ብለው መረቁልን። በየመንደሩ ሰው እየወጣ ይስቃል፤ ጋሽ ሸምሱ መሪው ላይ ተቀምጠው በቁም ነገር ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ወለሉን ከዘይት በርሜል ላሜራ ቆርጬ ሠራሁት፤ የበሩን ደፍ ተበላ በተማርኩት ብየዳ ከአዲስ ቀጠልኩት። ወንበሩን እትዬ ዘይነባ ራሷ መርጣ ባለመስመር የፍራሽ ጨርቅ አለበሰችው። ቀይ ቀለም ሶዶ ውስጥ ስለጠፋ ለሱቃቸው በር ከተገዛው አረንጓዴ የተረፈውን ቀባናት። አምራ ነበር፤ ቢያንስ ለእኛ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አገልግላቸዋለች፤ ሌላ ሰውም እንዲነዳት አልፈቀዱም።

መጀመሪያ የወጡበትን ቀን ግን አልረሳም። በጋ ነው፣ እሁድ ከቀትር በፊት። ገበያተኛው ሁሉ ዳር ቆሟል። ጡሩምባዋ ስላልሠራ እትዬ ዘይነባ ከመቀመጫዋ ብድግ እያለች «ዞር በሉ!» ትላለች። በአረካ መንገድ ትንሽ ሄደን፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንመለሳለን ብለው በአቧራ ውስጥ ጠፉ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሰው ተበተነ። እኔ ግን ዓይኔ ከመንገዱ አልነቀል አለ። እጄ የበየደውን እያንዳንዱን ቦታ በሐሳቤ ደገምኩት። አላስቻለኝም፤ የመፍቻ ሳጥኔን ተሸክሜ በእግሬ ተነሣሁ። መጀመሪያ ተራመድኩ፣ በኋላ ሮጥኩ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድኩ ከመንገዱ ዳር አረንጓዴዋን አየኋት። ቆማለች። እየሮጥኩ ስደርስ ከአንድ ዋርካ ሥር ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸንኮራ አገዳ ይመጥጣሉ። የእትዬ ዘይነባ ፀጉር በነፋስ ተበታትኖ ቅንድቧ ድረስ አቧራ ለብሷል።

«ምን ነካት? ምኗ ተበላሸ?» አልኩ እያለከለክሁ።

«ምኗ ይበላሻል?» አለችኝ ገርሟት። «ሸንኮራ አማረንና ቆምን። አንተን ደግሞ ሳጥን አሸክሞ ማን ላከህ?»

ጋሽ ሸምሱ በሳቅ ብዛት ሸንኮራው ትን አላቸው። ለእኔም ቆርሰው ሰጡኝና አብረን መጥጠን ጨረስን። ከዚያ ተነሡ፤ እሷ ከባሏ አጠገብ ገባች፣ እሳቸው ሞተሩን አስነሡ፣ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ፤ ቦታ እንደሌለ ያኔ ነው ትዝ ያላቸው።

«ሂዱ፣ ሂዱ!» አልኳቸው።

ጋሽ ሸምሱ ባርኔጣ አልነበራቸውም፤ ቆባቸውን አንሥተው ሰላም አሉኝና ሄዱ። እኔም ሳጥኔን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ የተዉልኝን አቧራ እየዋጥኩ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ እየዘመርኩ ሶዶ በእግሬ ገባሁ።